ዝም የሚል መጽሐፍ፦ ለልጅ ትምህርትን ስለ መምረጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አንዲት እኅት ከአሜሪካ ደወለችልኝ። ቀድሞ የዚሁ ሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበረች፤ እኔንም ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ ታውቀኛለች። የሰባት ዓመት ልጇን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ራሷ በቤቷ ልታስተምረው መወሰኗን ነገረችኝና፥ «የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍት ልገዛለት ነው፤ የመረጥኋቸው ግን ስለ ሃይማኖት ምንም የማይናገሩትን ነው። የደብራችን እናቶች ይህን ሲሰሙ ደነገጡብኝ። አንተስ ምን ትለኛለህ?» አለችኝ።

እኔም ጊዜ ሳልወስድ መለስሁላት። እናቶቹ እውነት እንዳላቸው፥ የእግዚአብሔር ስም የማይጠራበት መጽሐፍ ለሕፃን እንደማይሰጥ፥ ይልቁንም በዚያው ሀገር «ክርስቲያናዊ» ተብሎ የሚሸጠውን እንድትገዛለት መከርኋት። ስልኩን ስዘጋ ትልቅ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ምክር ለማረም ነው።

ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል በጥቂቱ ላስረዳ። በአሜሪካ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤት ማስተማራቸው በሃምሳውም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። መስፈርቱ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ በቴክሳስ ወላጅ ለመንግሥት ማሳወቅ እንኳ አይጠበቅበትም፤ በኒውዮርክ ግን የዓመቱን የትምህርት ዕቅድ ያቀርባል፥ በየሩብ ዓመቱም ሪፖርት ያስገባል። በጀርመን ደግሞ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት መሄዱ ግዴታ ስለሆነ፥ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ይህ መንገድ ዝግ ነው። ብዙዎቻችን ልጁን በቤት የሚያስተምር ሰው ሁሉ ይህን የሚያደርገው ስለ ሃይማኖቱ ይመስለናል። እንዲህ ያሉ ብዙዎች መኖራቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ በዘመናችን ይህን መንገድ በጽሑፍ ካስፋፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጆን ሆልት የተባለ አሜሪካዊ መምህር ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ልጆች በትምህርት ስለሚወድቁበት ምክንያት መጽሐፍ የጻፈ፥ በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያለ ትምህርት ቤት ስለ ማደግ መጽሔት ያቋቋመ ሰው ነው። ክርክሩ ስለ ሃይማኖት አልነበረም፤ ልጅ በክፍል ውስጥ «እሳሳት ይሆን?» በሚል ፍርሃት ተጠፍንጎ፥ ከተፈጥሮው የተሰጠው የማወቅ ፍላጎት ይጠፋበታል የሚል ነበር።

የእኅታችንም ምክንያት ለዚህ የቀረበ ነው። ልጇ በክፍል ጓደኞቹ ዘንድ መሳቂያ ሆኖ፥ መጽሐፍ ሲያይ ሆዱን የሚያመው እስኪመስል ድረስ ማንበብን ጠልቶ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ልናገር። «ዓለማዊ» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ መልካም አይሰማም፤ ዘፈንን፥ ስካርን፥ ከንቱ ጨዋታን ያሳስበናል። ስለ ትምህርት ሲነገር ግን ቃሉ የሚያመለክተው ሃይማኖትን የማያስተምረውን ትምህርት ነው። ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት መሆኑን የሚነግረን ሰንጠረዥ ዓለማዊ ነው፤ ነገር ግን ማንም ንስሓ አይገባበትም። የደብሩ እናቶች የደነገጡትም፥ እኔም የተቻኮልሁት፥ በከፊል በዚህ ቃል ምክንያት ይመስለኛል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ምክሬን ሰምታ «ክርስቲያናዊ» የተባሉትን መጻሕፍት ገዛች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የገጾቹን ፎቶግራፍ ላከችልኝ። በታሪክ መጽሐፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን ከሐዋርያት ዘመን ተነሥታ አንድ ገጽ ሲገለጥ ማርቲን ሉተር ዘንድ ትደርሳለች። በመካከል ያሉት ሰማዕታት፥ ጉባኤያት፥ መነኮሳት፥ የግብፅና የሶርያ አባቶች፥ የእኛም አባቶች የሉም። ስለ ጥምቀት የተጻፈው፥ አንድ ሰው ካመነ በኋላ ለሌሎች የሚያሳየው ምልክት እንደ ሆነ ብቻ ነው። እመቤታችን በበረት ታሪክ ላይ አንድ ጊዜ ትጠራለች፤ ከዚያ በኋላ ስሟ አይነሣም። በመጨረሻው ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ ልጁ አንዲት አጭር ጸሎት አንብቦ ሲጨርስ የሚሞላው ባዶ መስመር አለ፤ «የዳንሁበት ቀን» ይላል። ልጁ እርሳሱን ይዞ ወደ እናቱ ሄደና፥ «እማዬ፥ እኔ የዳንሁት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ከፎቶግራፎቹ በታች የጻፈችልኝ ይህን ብቻ ነበር፦ «በአርባ ቀኑ ያስጠመቅሁት ልጅ ነው። ምን ብዬ ልመልስለት?»

አሳታሚዎቹን አልወቅስም። እንደ እምነታቸው ለልጆቻቸው ጽፈዋል፤ ከእኔም ከእናንተም ይልቅ ተግተው ሠርተዋል። በዚያ ሀገር ለቤት ውስጥ ትምህርት «ክርስቲያናዊ» ተብለው ከሚሸጡት መጻሕፍት አብዛኞቹ የሚዘጋጁት በፕሮቴስታንት ማኅበረሰቦች ነው፤ ይህን አስቀድሜ መጠየቅና ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ስሙን ብቻ ሰምቼ ይዘቱን ሳላይ መከርሁ። በከተማችንም በር ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ አንብበን፥ በውስጡ ማን ምን እንደሚያስተምር ሳንጠይቅ ልጅ የምናስመዘግብ ጥቂቶች አይደለንም።

እንግዲህ ዛሬ የማምነው ይህን ነው። ስለ እግዚአብሔር ዝም የሚል መጽሐፍ አለ፤ ስለ እግዚአብሔር ሌላ ነገር የሚናገር መጽሐፍም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ባዶ ክፍል ነው፤ ገብታችሁ ሥዕለ አድኅኖውን መስቀል፥ ዳዊቱን ማኖር ትችላላችሁ። ሁለተኛው ግን ተከራይ የገባበት ክፍል ነው፤ ዕቃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ተከራዩን ማስወጣት ይጠበቅባችኋል፤ ይህም የሰባት ዓመት ሕፃን ልብ ውስጥ የሚደረግ ክርክር ይሆናል። በዚህ መለኪያ እኅታችን መጀመሪያ የመረጠችው ትክክል ነበር።

አባቶቻችንም ዝም የሚለውን ትምህርት አልፈሩትም። ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ ተምሮአል (ሐዋ. 7፥22)። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን ቤተ መንግሥት የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ እንዲማሩ ተሰጡ (ዳን. 1)። ይህን ምዕራፍ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናልፈው ነገር አለ። ዳንኤል የተጠየፈው የንጉሡን ማዕድና ወይን እንጂ ጽሕፈቱን አልነበረም። ስሙን ሲቀይሩበት እንኳ ማን እንደ ሆነ አልጠፋበትም፤ ማንነቱን ይዞ የሄደው ከቤቱ ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ግን በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያና በጶንጦስ የኖረ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ የቅዱስ ባስልዮስ ቤተሰብ ነው። ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ የእኅታቸውን የማክሪናን ገድል ሲጽፍ አስተዳደጓን ዘርዝሮታል። እናታቸው ኤሚሊያ፥ በዘመኑ ለልጆች ማስተማሪያ የነበሩትን የባለቅኔዎችን የአሳዛኝ ተውኔት ታሪኮች ለሴት ልጇ አልወደደችም፤ ስለዚህ ራሷ ከቅዱሳት መጻሕፍት፥ በተለይም ከመጽሐፈ ጥበብ፥ ለሕፃን የሚስማማውን እየመረጠች አስተማረቻት። መዝሙረ ዳዊትንም በሰዓቱ ከፋፍላ ሰጠቻት፤ ከመኝታ ስትነሣ፥ ሥራ ስትጀምር፥ ስትፈጽም፥ በማዕድ፥ ስትተኛ። የመጨረሻው ልጅ ጴጥሮስ፥ ኋላ የሰብስጥያ ኤጲስ ቆጶስ የሆነው፥ በተወለደ ጊዜ አባታቸው ዐረፈ፤ ሕፃኑንም ማክሪና ወስዳ አባትም መምህርም ሆና በቤት አሳደገችው። እንግዲህ የቤት ውስጥ ትምህርት አሜሪካ አልፈጠረችውም። በእኛም ሀገር የመኳንንቱ ልጆች ካህን በቤታቸው ተቀምጦላቸው ፊደል ይቆጥሩና ዳዊት ይደግሙ ነበር።

ከዚሁ ቤት ግን ባስልዮስ ወደ ቂሣርያ፥ ወደ ቍስጥንጥንያ፥ በመጨረሻም ወደ አቴና ሄደ። ከአረማውያን መምህራን እግር ሥር ተቀምጦ ንግግርንና ፍልስፍናን ተማረ። በአቴና ከወዳጁ ከጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ጋር የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ ነበር ይባላል፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ሌላው ወደ መምህራኑ ቤት። አስተውሉ፥ አንዲት እናት አንዷን ልጇን በቤት አስቀርታ፥ ሌላውን የጣዖታት መቅደስ ወደ ሞላበት ከተማ ላከች፤ ከሁለቱም ቅዱስ ወጣ። ባስልዮስ ከትምህርቱ ሲመለስ ግን በንግግር ችሎታው ታብዮ እንደ ነበር ወንድሙ አልሸሸገም። ከዚያ ትዕቢት የመለሰችው በቤት የተማረችው እኅቱ ማክሪና ናት። አቴና ለባስልዮስ የሰጠችው ብዙ ነው፤ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ያስተማራቸው ስብከቶች ስለ ዕፀዋትና ስለ እንስሳት በዘመኑ በነበረው ዕውቀት የተሞሉ ናቸው። ወጣቶች ከአረማውያን መጻሕፍት እንዴት መጠቀም እንዳለባቸው ሲያስተምርም፥ ንብ ከአበባው የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን እንደምትተው ምሳሌ ሰጥቶአል። ነገር ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ የጠበቀው ቤት ባይኖር ኖሮ፥ ታሪኩ በአቴና ሊያልቅ ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ።

«እንግዲያውስ ዓለማዊው ትምህርት ችግር የለበትም» የሚል አንባቢ ቢኖር ግን ትንሽ ይቆይ። ዝምታም ያስተምራል። አንድ ልጅ በቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት ከሚያከብራቸው ሰዎች ቁም ነገር ሁሉ ሲሰማ ውሎ፥ የእግዚአብሔርን ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰማ ቢመለስ፥ ማንም ሳይነግረው አንድ ነገር ይማራል፤ እግዚአብሔር ከቁም ነገሮች ወገን አይደለም የሚለውን። ይህን የሚያስተምር ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ገልጦ አሳይቶ ማረም አይቻልም። ዝምታው የሚታረመው በድምፅ ብቻ ነው፤ ድምፁም የሚጠበቀው ከቤት ነው።

ይህንንም የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት ሰጥተው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ሁለቱን አንቀጾች አጣምራችሁ አንብቧቸው፤ መንግሥት «እኔ በዚህ ነገር ዝም እላለሁ፤ ተናጋሪው አንተ ነህ» ብሎ ለወላጅ መልሶለታል። የብዙዎቻችን ልጆች ዓለማዊውን ትምህርት እየተማሩ ነው ማለት ነው። በእኛና በእኅታችን መካከል ያለው ልዩነት፥ እርሷ መምረጧን ማወቋ ነው። እኛ የምንመርጠው በክፍያው፥ በእንግሊዝኛው፥ በሰርቪሱ መንገድ ነው፤ ስለ ዝምታው የሚጠይቅ ወላጅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ሰንበት ትምህርት ቤትስ ምን ሊሠራ ነው የምትሉኝ ከሆነ፥ እንደ አንድ የሕፃናት ክፍል አስተማሪ በግልጽ ልንገራችሁ። በሳምንት 168 ሰዓት አለ፤ እኛ ዘንድ ልጁ የሚቆየው ሁለት ሰዓት ነው። ከሁለቱ አንዱ በማረፋፈድ፥ በመዝሙርና በጨዋታ ያልፋል፤ ይህም አይጠላም። ወላጆች በር ላይ ልጁን ያስረክቡኝና «አደራ፥ ዲያቆን» ብለው ይሄዳሉ። ቃሉ ያስጨንቀኛል። በመጀመሪያ አደራውን የተቀበሉት እነርሱ ናቸው፤ በጥምቀቱ ዕለትም የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ተቀብለዋል። እኔ ለእነዚህ ሁሉ ረዳት እንጂ ምትክ ልሆን አልችልም። ሙሴም ለእስራኤል ያዘዘው ቃሉን በቤት ሲቀመጡ፥ በመንገድ ሲሄዱ፥ ሲተኙና ሲነሡ ለልጆቻቸው እንዲያጫውቱ ነው (ዘዳ. 6፥6-7)፤ ከእነዚህ ሰዓታት አንዱም የእኔ አይደለም። ጢሞቴዎስን ያሳደገችው ሃይማኖት በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ የነበረችው ናት (2ኛ ጢሞ. 1፥5)።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሁሉም ቤት ሳይወድ ትምህርት ቤት ሆነ። ያን ጊዜ የአጥቢያችን ብዙ ቤተሰቦች ጠዋትና ማታ አብረው መጸለይ ጀምረው ነበር። ስንመለስ በሕፃናት ክፍል ልዩነቱ ይሰማ ነበር፤ ቀድሞ ከንፈራቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱ ልጆች ውዳሴ ማርያምን ጮክ ብለው ይሉ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ሰርቪሱ በጠዋት መምጣት ሲጀምር ነገሩ ቀስ በቀስ ቀረ። ማንም ለመተው አልወሰነም፤ እንዲሁ ቀረ።

እኔ ልጅ ያልወለድሁ ተማሪ ስለሆንሁ፥ «በል አንተ ሞክረውና እናይሃለን» የሚል ወላጅ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን በምማርበት ዩኒቨርሲቲ ያየሁትን መናገር እችላለሁ። በሃይማኖታቸው ሲናወጡ ያየኋቸው እኅቶችና ወንድሞች ከባድ ፍልስፍና አንብበው አልነበረም። በመኝታ ክፍል አንድ ጓደኛ «ለምን ትጾማላችሁ?» «ለምን በሥዕል ፊት ትሰግዳላችሁ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፥ በሕይወታቸው የመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቁ ስለሆነ ነው። ጥያቄው በስምንት ዓመታቸው በእራት ገበታ ላይ ሊነሣ ይገባው ነበር።

ልጆችን ሁሉ ከትምህርት ቤት አውጡ ማለቴም አይደለም። ሁለቱም ወላጆች ከጠዋት እስከ ማታ በሚሠሩበት ቤት ይህ የማይታሰብ ነው። በሚቻልበት ቤት እንኳ ሸክሙ ብዙ ጊዜ በእናት ጫንቃ ላይ ብቻ ይወድቃል። ብቻውን ያደገ ልጅም መካፈልን፥ መሸነፍን፥ መታገሥን ከማን ይማራል? በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ሕፃናት በየኔታ ዙሪያ ተኮልኩለው፥ ታላቁ ታናሹን እያስጠና ያድጋሉ እንጂ ለየብቻ አይቀመጡም። እኅታችንም ይህን ስለምታውቅ ልጇን ከደብሩ ልጆች ጋር ዘወትር ታገናኘዋለች፤ የማንበብ ፍቅሩ ሲመለስለት ወደ ትምህርት ቤት ልትመልሰው ታስባለች።

ለጥያቄዋ ግን መልስ ሳልሰጥ ብዙ ቀን ቆየሁ። የንስሓ አባቴን ጠየቅሁ። ከዚያም ለልጁ የሚገባውን ያህል ብቻ እንድትነግረው ጻፍሁላት፤ በተጠመቀበት ቀን ከእግዚአብሔር እንደ ተወለደ፥ ሥጋ ወደሙን ሲቀበል እንደሚያድግ፥ መዳንም አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚዘጋ ሳይሆን በየቀኑ የሚኖሩበት መሆኑን።

መጻሕፍቱን መልሳ ዝም የሚሉትን ገዝታለች። ጠዋት ከሒሳቡ በፊት ይጸልያሉ፤ ሀሁ የተጻፈበት ሰሌዳም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎአል። ያቺን አንዲት ገጽ ግን ልጁ አልሰጥም ስላለ ቀድዳ አስቀረችለት። ባለፈው ሳምንት ፎቶግራፏን ላከችልኝ። በባዶው መስመር ላይ ልጁ በራሱ የእጅ ጽሑፍ የተጠመቀበትን ቀን ጽፎበታል። ከመስመሩ በታች ደግሞ የቆረበባቸውን ቀናት እየጨመሩ ነው፤ ገጹ ስለ ሞላ ወደ ጀርባው ዞረዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።